ቀዩ የዘይት መብራት፤ የሞተር ዘይት ግፊት በሚኒሞ ሲወርድ ባለ መኪናው ነጋዴ ሊያደርገው ስለሚገባው ምርመራ

የነጋዴ ሀብት በሱቁ መደርደሪያና በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ዘወትር በመንገድ ላይ ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ለምንነግድ ሰዎች ይህ ነገር ይበልጥ ግልጽ ነው። በርበሬው ከማረቆ፥ ቆጮው ከደጋው፥ ማሩና ኮረሪማው ከጅማ በኩል፥ ጨርቁና የቤት ዕቃው ደግሞ ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚደርሰን በመኪና ነው። መኪናው የቆመ እንደ ሆነ ዕቃው ይቆማል፤ ዕቃው የቆመ እንደ ሆነ የደንበኛው እምነት ይጎድላል። አባቶቻችን በ1950ዎቹ ዓመታት ከኪሳቸው ገንዘብ እያዋጡ በጉራጌ አገር መንገድ ያስወጡት ይህን ተገንዝበው ነበረ። መንገዱን እነርሱ ካወረሱን፥ በመንገዱ ላይ የሚሄደውን ሞተር በዕውቀት መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፍ በብዙ ባለ መኪኖች ላይ የሚደርስና ብዙ ገንዘብ ያለ ምርመራ የሚያስወጣ አንድ ጉዳይ ለክቡራን አንባቢያን ለማቅረብ አስቤአለሁ። ጉዳዩም ይህ ነው። ከዳገት ወጥቶ የመጣ መኪና በከተማ ውስጥ ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፥ ይኸውም መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት አዟዟር ላይ ሳለ፥ የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት በሾፌሩ ፊት ብልጭ ድርግም ይላል። ነዳጅ ሲሰጡት ይጠፋል፤ እግር ሲያነሡ ተመልሶ ይበራል። ይህ መብራት የሚናገረው ነገር ምንድን ነው? ባለ ንብረቱስ ቦርሳውን ከመፍታቱ በፊት ምን መጠየቅ ይገባዋል? እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ሆኖም ትምህርቱን ያገኘሁት በራሴ ስሕተት ስለ ሆነ ሌላው ሰው ያለ ኪሣራ ይማርበት ዘንድ እጽፈዋለሁ።

የነገሩ መነሻ

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ነው። አሠሪዬ በወልቂጤ ሱቅ፥ በቡታጅራ ደግሞ መጋዘን አላቸው። ዕቃችንን የምታመላልሰው አንዲት በናፍጣ የምትሠራ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ነበረች። ለመስከረም 17 የመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር ወደ ወላጆቹ ቤት የሚመለሰው የጉራጌ ተወላጅ ምን ያህል እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መናገር አያስፈልግም። የመስቀል ሰሞን ለእኛ ሱቅ የዓመቱ ታላቅ ገበያ ነው፤ በዚያ ሰሞን መኪና የሌለው ነጋዴ እጁን አጣምሮ የሰው ገበያ ይመለከታል።

ሾፌራችን የ26 ዓመት ወጣት ነበረ። እምድብር ያሉትን እናቱንና ታናናሾቹን በደመወዙ ይረዳል። አንድ ቀን ከጅማ በኩል ማርና ኮረሪማ ጭኖ ሲመለስ፥ የጊቤን ሸለቆ ዳገት ወጥቶ ወልቂጤ ከሱቃችን በር ላይ ሲደርስ መብራቱ በራ። ወደ ጽሕፈት ቤቴ ገብቶ፥ «ጋሼ፥ የዘይቱ መብራት በሚኒሞ ይበራል፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን ይጠፋል» ሲል አስታወቀኝ። በማግሥቱ ጧት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ብናስነሣው መብራቱ አልበራም። ስለዚህ ነገሩን ናቅነው። በሁለተኛው ጉዞ እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደ።

በጋራዡ የነበረው ሰው ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አዳምጦ፥ «ብሮንዚናው አልቋል፤ ፖምፓውም ደክሟል። ሞተሩ ወርዶ ይታደስ፥ አለዚያም ያገለገለ ሞተር ተገዝቶ ይለወጥ» የሚል ፍርድ ሰጠ። የለካው ነገር አልነበረም። የተጠየቀው ገንዘብ ለመስቀል ዕቃ መግዣ ካስቀመጥነው ገንዘብ አብዛኛውን የሚበላ ነበረ።

አሠሪዬ በዚህ ተቆጡ። «ደኅና የነበረውን ሞተር ማን አበላሸው?» ብለው ጠየቁ። ጥርጣሬው ሁሉ በሾፌሩ ላይ ወደቀ። ዘይቱን በጊዜው አላስለወጠም፤ ወይም የተሰጠውን አዲስ ዘይት ሸጦ አሮጌውን መልሶአል ተባለ። ልጁ፥ «እኔ የተሰጠኝን ነው ያስገባሁት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔም የስንብቱን ደብዳቤ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ፤ አዘጋጀሁም። ደብዳቤው ሳይፈረምበት የቀረው በዚያው ቀን የቡታጅራው የመጋዘን ኃላፊያችን በስልክ ነገሩን ሰምቶ፥ «እዚህ ሳይለኩ ሞተር የማይፈቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ እርሳቸው ሳያዩት ምንም አታድርጉ» ስላለን ነው።

ዘይት በሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?

ሽማግሌው ያደረጉትን ከመንገሬ በፊት የነገሩን መሠረት ማስረዳት ያስፈልጋል።

የሞተር ዘይት ኮፓ በሚባለው፥ ከሞተሩ ሥር በተገጠመው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲነሣ የዘይቱ ፖምፓ በወንፊት በኩል ዘይቱን ከኮፓው ይስባል፤ በፊልትሮው አሳልፎም በጠባብ ቦዮች ወደ ክራንኩና ወደ ሌሎቹ ተሽከርካሪ ክፍሎች ይገፋዋል። ክራንኩን አቅፈው የሚይዙት ስስ የብረት ቅርፊቶች ብሮንዚና ይባላሉ። በክራንኩና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ጠጉር ውፍረት የማይበልጥ፥ አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ተከፍሎ ጥቂቱን እጅ ብቻ የሚያህል ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ዘይት ሲመላ ክራንኩ በዘይቱ ላይ ተንሳፎ ይዞራል፤ ብረት ከብረት አይገናኝም። ዘይቱ የታጣ እንደ ሆነ ግን ብረት ብረትን ይበላል፤ በጥቂት ደቂቃም ሞተሩ ይነክሳል።

ግፊት የሚባለው ነገር ፖምፓው ብቻውን የሚፈጥረው አይደለም። ፖምፓው ዘይት ያቀርባል፤ ግፊቱ የሚገኘው ዘይቱ በጠባቡ መውጫ ለማለፍ ሲቸገር ነው። በአንድ መንደር ያለውን የውሃ ቧንቧ ማሰብ ይበቃል። አንድ ቤት ብቻ ሲከፍት ውሃው በኃይል ይወርዳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲከፍት ግን ውሃው እየፈሰሰም ግፊቱ ይደክማል። ስለዚህ የዘይት ግፊት በሦስት ነገር ይወሰናል፤ ፖምፓው በሚዞርበት ፍጥነት፥ በዘይቱ ውፍረትና በክፍተቶቹ ስፋት።

ከዚህ በኋላ መብራቱ ለምን በሚኒሞ ብቻ እንደሚበራ መረዳት ቀላል ነው። የአንድ ናፍጣ ሞተር ሚኒሞ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር ገደማ ነው። በመንገድ ላይ 3000 ዙር ከሚደርሰው ጋር ሲነጻጸር ፖምፓው የሚሠራው በሩብ ያህል ፍጥነት ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ዘይቱ ከዳገት በኋላ ግሏል። ማር በብርድ ረግቶ በፀሐይ እንደሚቀጥን ሁሉ የሞተር ዘይትም በሙቀት ይቀጥናል። የጊቤ ድልድይ ያለበት ቦታ ቆላ ነው፤ ወልቂጤ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ጭነት ይዞ ያንን ዳገት የወጣ ሞተር ወልቂጤ ሲገባ ዘይቱ በጣም የቀጠነበት፥ ሚኒሞውም ፖምፓውን በጣም ያዘገየበት ሰዓት ነው። በሌላ ጊዜ የተሸሸገ ድካም የሚገለጠው በዚያች ሰዓት ነው። በማግሥቱ ጧት በብርድ የመረመርነው ለዚህ ነው ምንም ያላሳየን።

መለኪያው የመሰከረው

ሽማግሌው መካኒክ ከቡታጅራ በሕዝብ ማመላለሻ መኪና መጡ። የያዙት በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የግፊት መለኪያ፥ ጎማ ቱቦውና ጥቂት መፍቻዎች ብቻ ነበረ። በመጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዘው ልኩን ተመለከቱ፤ ልኩ ሙሉ ነበረ። ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሻሽተው አሸተቱት፤ የናፍጣ ሽታ የለውም አሉ። ቀጥለውም የመብራቱን ስዊች ከሞተሩ ላይ ፈትተው በቦታው መለኪያቸውን አሠሩና ሞተሩ በብርዱ እንዲነሣ አዘዙ። በሚኒሞ 3 ኪሎ በሴንቲሜትር ካሬ አሳየ። ሾፌሩ በደስታ ሲመለከታቸው፥ «ገና ነው ልጄ፤ ብርድ ሁሉንም ሞተር ጎበዝ ያደርገዋል» አሉት።

ከዚያ በኋላ ስዊቹን መልሰው ገጠሙ፤ ፒክአፗም ጭነት ተጭኖባት ወደ ጉብሬ ደርሳ ተመለሰች። ሞተሩ እንደ ጋለ ሳይውል ሳያድር መለኪያው ዳግመኛ ተሠራ። በዚህ ጊዜ በሚኒሞ የታየው 0.2 ብቻ ነበረ፤ በ3000 ዙር ደግሞ 2.2። ለብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች በፋብሪካው የታዘዘው ዝቅተኛ ልክ ሞተሩ በጋለ ጊዜ በሚኒሞ 0.3፥ በ3000 ዙር 2.5 ነው። ስለዚህ መብራቱ አልዋሸም፤ ግፊቱ በእውነት ከልክ በታች ነበረ።

እኔ በልቤ ጋራዡ ልክ ነበረ ብዬ ሳስብ ሽማግሌው ግን ሞተሩ ይፈታ አላሉም። እንደ ገና ዘይቱን በጣታቸው አሻሹ። «ይህ ዘይት ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶአል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መዝገቡን ገልጬ 1,900 ኪሎ ሜትር መሆኑን ነገርኋቸው። «በ1,900 እንዲህ ውሃ አይሆንም። ማን ገዛው? ከየትስ ተገዛ?» አሉኝ።

የመዝገቡን ቀጣይ መስመር ሳነብ ድምፄ ወረደ። ዘይቱ የተገዛው ከተከፈተ በርሜል እየተቀዳ ከሚሸጥበት ቦታ ነበረ፤ ቁጥርም ስምም አልነበረውም። ከታሸገው ዘይት ዋጋው ስለ ቀነሰ፥ «የቁጠባ ግዢ» ብዬ በራሴ እጅ የጻፍሁትና የፈረምሁበት እኔ ነበርሁ። ሾፌሩ የተሰጠውን በታማኝነት አስገብቶአል። ስሕተቱ የእኔ ነበረ።

በሽማግሌው ትእዛዝ ያ ዘይት ሞተሩ እንደ ሞቀ ወጣ፤ ፊልትሮው ተለወጠ፤ ለናፍጣ ሞተር የተመደበ፥ ታሽጎ የመጣ 15 ደብሊዩ 40 ዘይት ገባ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፒክአፗ ያንኑ ጭነት ይዛ በዚያው መንገድ ሄዳ ተመለሰች። መለኪያው በሚኒሞ 0.8፥ በ3000 ዙር 3.4 አሳየ። ቀዩ መብራት ጠፋ። ሽማግሌው ግን እውነቱን አልሸሸጉንም፤ «ይህ ሞተር አዲስ አይደለም፤ ብሮንዚናው ጥቂት መበላቱ አይቀርም። ለአሁኑ ይሠራል፤ ዘይት በለወጣችሁ ቁጥር ግፊቱን ለኩና ጻፉ። ቁጥሩ እያደር የወረደ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተዘጋጅታችሁ ትፈቱታላችሁ» አሉን።

ከርካሽ ወደ ውድ

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሽማግሌው የተማርሁትንና በኋላም ከሌሎች መካኒኮች ጠይቄ ያረጋገጥሁትን ቅደም ተከተል ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ደንቡ አንድ ነው፤ ምርመራ ከርካሹ ወደ ውዱ፥ ከውጭው ወደ ውስጡ ይሄዳል እንጂ ከሞተር መፍታት አይጀመርም።

1ኛ፤ የዘይቱ ልክ። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ዘንጉ ተመዝዞ ይታይ። ልኩ ከጎደለ ፖምፓው አየር ይስባል። ልኩ ያለ ምክንያት ከጨመረም ደስ ሊለን አይገባም፤ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ወይም ውሃ ገብቶበት ይሆናል። ነዳጅ የገባበት ዘይት ቀጥኖ በሽታው ያስታውቃል፤ ውሃ የገባበት ደግሞ ወተት እንደ ተጨመረበት ቡና ይነጣል። በዚህ ጊዜ ዘይት መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ የገባበት በር መፈለግ አለበት።

2ኛ፤ የዘይቱ ዐይነት። በጣሳው ላይ ያለው ቁጥር የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ይህን አመዳደብ በ1911 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስ ኤ ኢ የሚባለው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነው። 15 ደብሊዩ 40 በሚለው ጽሑፍ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ስላለው ጠባይ፥ 40 ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ስለሚኖረው ውፍረት ነው። በዚያ ሙቀት የ30 ቁጥር ዘይት ውፍረት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ፥ የ40 ቁጥር ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ይሆናል። ስለዚህ 40 የታዘዘለት ሞተር 30 ቢሰጠው በሚኒሞ ግፊቱ መውረዱ የማይቀር ነው። ቁጥሩ የማይታወቅ ዘይት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

3ኛ፤ ሚኒሞው ራሱ። ሞተሩ ከታዘዘለት በታች ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ፖምፓው የሚገባውን አያቀርብም። ሚኒሞውን ወደ ልኩ መመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሆኖም ሚኒሞውን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ መብራቱን ማጥፋት ራስን ማታለል ነው።

4ኛ፤ ስዊቹና ሽቦው። ብዙ ሞተር ያለ ኃጢአቱ የተፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ስዊቹ ሲያረጅ ግፊቱ ደኅና ሳለ መብራቱን ያበራል። ሽቦው ተልጦ የሞተሩን ብረት የነካ እንደ ሆነ መብራቱ ነዳጅ ሲሰጡትም አይጠፋም። በተቃራኒው ቁልፍ ሲከፈትና ሞተሩ ገና ሳይነሣ መብራቱ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሎአል ወይም ሽቦው ተቆርጦአል፤ ሾፌሩ ያለ ጠባቂ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን በየጧቱ መመልከት ምንም ወጪ የለውም።

5ኛ፤ መለካት። ከላይ የተባሉት ሁሉ ከታዩ በኋላ፥ አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት፥ ግፊቱ በእጅ መለኪያ ይለካ። ሞተሩ በጋለ ጊዜና ከሥራ በኋላ መሆኑን ባለ ንብረቱ ራሱ ያረጋግጥ፤ በብርድ የተለካ ቁጥር ምስክርነት የለውም። የሞቀ ዘይት ቆዳ ስለሚያቃጥል ሥራው ለባለሙያ ይተው።

መለኪያው ከተናገረ በኋላ ፍርዱ እንዲህ ይለያል። መብራቱ እየበራ ግፊቱ ከልክ በላይ ከሆነ ጥፋቱ የስዊቹ ወይም የሽቦው ነው። ግፊቱ በሚኒሞ ዝቅ ብሎ በፍጥነት ወደ ልኩ የሚመለስ ከሆነ ዘይቱ ቀጥኖአል፥ ወይም የብሮንዚናው ክፍተት ሰፍቶአል። በሚኒሞም በፍጥነትም ዝቅ ያለ ከሆነ፥ ጥሩ ዘይት ከገባ በኋላም ካልተመለሰ፥ ፖምፓው ተበልቶ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ባልቦላ ቆሻሻ ይዞት ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል። መርፌው የሚንቀጠቀጥና ፍጥነት ሲጨምር ግፊቱ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በኮፓው ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኖአል ወይም መሳቢያ ቧንቧው አየር ይስባል።

ይህ የመጨረሻው በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከወልቂጤ ወደ ገጠር ቀበሌዎች፥ እንዲሁም ከቡታጅራ ወደ ደጋው የሚወጡት የጠጠር መንገዶች ድንጋያቸው ብዙ ነው። ድንጋይ ኮፓውን መትቶ ወደ ውስጥ ያጎደጎደው እንደ ሆነ ኮፓው ወደ ወንፊቱ ተጠግቶ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ባለ ንብረቱ ጎንበስ ብሎ ኮፓውን ቢመለከት ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። ኮፓ ማውረድ፥ ወንፊት ማጠብና ፖምፓ መለወጥ፥ ሞተር ከመለወጥ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። ሞተር መፍታትና ክራንኩን ወደ ቶርኖ ቤት መላክ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። መብራቱ በጉዞ ላይ፥ ነዳጅ እየተሰጠው ሳለ የበራ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም ከሞተሩ የመምታት ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፥ ሾፌሩ ወዲያውኑ ዳር ይዞ ሞተሩን ያጥፋ። «እስከ ከተማው ላድርሰው» ማለት የለም። መኪናው ተጎትቶ ይምጣ። የጉተታ ዋጋ የሞተር ዋጋ አይደለም። ባለ ንብረቱም በዚህ ምክንያት የዘገየውን ሾፌር ሊቆጣው አይገባም፤ የተቆጣው እንደ ሆነ በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱን አይቶ እንዳላየ ይሄዳል።

ለአስመጪዎች፥ ለባለ ሱቆችና ለመኪና ገዢዎች

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ነጋዴዎች ከዚህ ነገር ትምህርት ሊወስዱ ይገባል። የደከመን ሞተር ለገበያ ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው ከልክ በላይ ወፍራም ዘይት ወይም የዘይት ማወፈሪያ ይጨምርበታል፤ መብራቱም ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ዘይት በጧት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ጠባቡ ክፍተት በጊዜው ስለማይደርስ የደከመውን ይበልጥ ያደክመዋል። ስለዚህ ገዢው መኪናውን በጧት አስነሥቶ ብቻ አይግዛ፤ ጭኖ፥ ዳገት አውጥቶ፥ ሞተሩ እንደ ጋለ በሚኒሞ ያቁመውና ቀዩን መብራት ይመልከት። መለኪያ ያለው መካኒክ ቢያስከትል ደግሞ የተሻለ ነው።

አስመጪዎቻችን የመለዋወጫ ዕቃ ሲያዝዙ የሞተርና የፊልትሮ ዋጋ ብቻ እንዳይመለከቱ ማሳሰብ ይገባል። ጥሩ ፊልትሮ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው እንዳይመለስ የሚከለክል መዝጊያ አለው፤ ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን ደግሞ ዘይቱ ሳይቋረጥ በሌላ በኩል እንዲያልፍ የሚከፈት ባልቦላ ያስፈልጋል። ይህ ባልቦላ በአንዳንዱ ሞተር በፊልትሮው ውስጥ፥ በሌላው በራሱ በሞተሩ ላይ ነው። በመልኩ ብቻ የሚመሳሰል ርካሽ ፊልትሮ ለመኪናው የሚያስፈልገው መዝጊያና ባልቦላ ላይኖረው ይችላል። የግፊት መለኪያም በየከተማው ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች ቢገኝ መልካም ነው። ብዙ ጋራዥ የሌለው መለኪያ ስለ ሆነ ገዢ አያጣም፤ አንድ ጊዜ የገዛውን መካኒክ ለብዙ ዓመት ያገለግለዋል።

ባለ ሱቆች ደግሞ ዘይት ሲሸጡ ጣሳው ታሽጎ መምጣቱን፥ የውፍረቱ ቁጥር መጻፉን፥ ለናፍጣ ወይስ ለቤንዚን ሞተር የተመደበ መሆኑን አረጋግጠው፥ ይህንኑ በደረሰኙ ላይ ቢጽፉት ለደንበኛው መተማመኛ፥ ለራሳቸውም መከላከያ ይሆናል። ኤ ፒ አይ የሚባለው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም በሚያወጣው ምደባ በሲ ፊደል የሚጀምረው ለናፍጣ፥ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው። በርካሽ ዋጋ ከበርሜል የተቀዳ ስም የለሽ ዘይት ለአንድ ቀን ትርፍ ያመጣ ይሆናል፤ ሞተሩ የተበላበት ደንበኛ ግን ዳግመኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

በመጨረሻም ለእንደ እኔ ያሉ ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች አንድ ቃል አለኝ። የመኪና መዝገብ የናፍጣ ወጪ መጻፊያ ብቻ አይደለም። ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፥ የዘይቱ ቁጥር፥ የተገዛበት ሱቅ፥ የገዛው ሰው ስም፥ ሞተሩ በጋለ ጊዜ በሚኒሞ የታየው ግፊት በአንድ መስመር ይጻፍ። እኛ ከ2012 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ እንዲህ ማድረግ ጀመርን። 0.8 የነበረው ቁጥር ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 0.5 ሲወርድ አሠሪዬ ገንዘቡን ቀስ በቀስ አዘጋጅተው፥ ገበያ በቀዘቀዘበት የክረምት ወር ሞተሩን በደኅና ጊዜ አሳደሱት። ማንም አልተወቀሰም፤ ገበያም አልታጎለም።

በዚያ በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ሽማግሌው መካኒክ መለኪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቡታጅራ በሄዱ ዕለት፥ እኔ መዝገቡን ይዤ ወደ አሠሪዬ ገባሁና የግዢውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ሾፌሩን አስጠርተው በእኔ ፊት፥ «ልጄ፥ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፥ «ምንም አይደል ጋሼ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። ፒክአፗ የመስቀልን ዕቃ ከመርካቶ አምስት ጊዜ አመላለሰች። ያልተፈረመበት የስንብት ደብዳቤ ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከመኪናው መዝገብ ጋር ተቀምጦአል፤ ዘይት ለመግዛት ገንዘብ ስቆጥር አንዳንዴ አየዋለሁ።